ከግድቡ በላይ ያሉ መንደሮች ፍሳሽ ወዴት ይሂድ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ወደ ዝግጅት ክፍላችን ከደረሱት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የመጡት ከመሀል አዲስ አበባ ነው። ጸሐፊዎቹ ሳይመካከሩ በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ስለጻፉልን ደብዳቤዎቹን አንድ ላይ አስተናግደናቸዋል። የመጀመሪያው ጥያቄ ሰፊ በመሆኑ ረዘም ያለ መልስ ሰጥተንበታል፤ ሌሎቹንም እርሱ የከፈተውን መንገድ እየተከተልን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ተወልጄ ያደግሁት የለገዳዲን ግድብ ከሚመግቡት ጅረቶች በአንዱ ዳር በምትገኝ አነስተኛ ከተማ ሲሆን፣ አሁን የምኖረው አራት ኪሎ ነው። እዚህ ያለን ተወላጆች ባቋቋምነው የልማት ማኅበር አማካይነት ለ200 ያህል አባወራዎች የሚያገለግል የፍሳሽ ማጣሪያ ለማሠራት ገንዘብ እያሰባሰብን ነው። አንድ አስመጪ ተገጣጥሞ በኮንቴይነር የሚመጣና አየር በሚነፋ ሞተር የሚሠራ ማጣሪያ እንድንገዛ ሐሳብ አቅርቦልናል። በስብሰባችን የተገኙት አባቶች ግን «ኩሬ ተቆፍሮ ቢጠራቀምስ ምን አለበት?» ይላሉ። የማንን ሐሳብ እንከተል? (አንባቢ፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ስለ ማሽኑና ስለ ኩሬው ከመነጋገራችን በፊት ማጣሪያው ምን እንዲሠራላችሁ እንደምትፈልጉ መወሰን አለባችሁ፤ ምክንያቱም ከመጠጥ ውሃ ግድብ በላይ ያለች ከተማ ሌላ ቦታ ካለች ተመሳሳይ ከተማ የበለጠ ይጠበቅባታል። ፍሳሽ ወደ ተራ ወንዝ ሲለቀቅ ዋናው ጉዳይ በውስጡ ያለው ብስባሽ የወንዙን ኦክስጅን ጨርሶ ዓሣውን እንዳይገድል ማድረግ ነው። የመጠጥ ውሃ ተፋሰስ ውስጥ ሲሆን ግን ሁለት ተጨማሪ ሥራዎች ይመጣሉ። አንደኛው በሽታ አምጪ ተሐዋስያንን፣ በተለይም ክሎሪን የማይበግራቸውን ጥገኛ ተውሳኮች ማስቀረት ነው። ሁለተኛው ፎስፈረስን ማስቀረት ነው። ሁለቱም ሥራዎች በጥሩ ቀን ብቻ ሳይሆን መብራት በጠፋበት፣ ዘበኛው በታመመበትና ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሳያቋርጥ በወረደበት ቀንም መሠራት አለባቸው። ይህን መለኪያ ይዘን ስንመለስ የአስመጪው ሐሳብም የአባቶቹም ሐሳብ እንደቀረበ ብቻውን አይበቃም።

ፎስፈረስ ለምን ያን ያህል እንደሚያሳስብ በቁጥር እንየው። አንድ ሰው በቀን ከ1 እስከ 2 ግራም ፎስፈረስ በሽንቱና በዓይነ ምድሩ ያስወግዳል። አንድ ቤተሰብ አምስት ሰው አለው ብንል የእናንተ 200 አባወራዎች 1,000 ሰው ይሆናሉ፤ ስለዚህ በቀን 1.5 ኪሎ ግራም ገደማ፣ በዓመት ደግሞ ከ500 ኪሎ ግራም በላይ ፎስፈረስ ይወጣል ማለት ነው። በረጋ ውሃ ውስጥ የፎስፈረስ መጠን በሊትር ከ0.03 ሚሊ ግራም ሲያልፍ አልጌ መራባት ይጀምራል፤ አንድ ግራም ፎስፈረስም በንድፈ ሐሳብ ሲሰላ 100 ግራም ያህል ደረቅ አልጌ ሊያበቅል ይችላል። ጣና ላይ የተስፋፋውን እምቦጭ ያየ ሰው ውሃ ማዳበሪያ ሲበዛበት ምን እንደሚሆን ማብራሪያ አያስፈልገውም። አልጌው ደግሞ ሁልጊዜ አረንጓዴ ሽፋን ሆኖ ብቻ አይቀርም፤ ሳያኖባክቴሪያ የሚባሉት ዓይነቶች ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ያመነጫሉ፣ መርዙንም ውሃውን በማፍላት ማጥፋት አይቻልም።

አሁን ወደ ማሽኑ እንምጣ። አየር የሚነፋው ማጣሪያ በራሱ መጥፎ ቴክኖሎጂ አይደለም፤ በሚገባ ከተያዘ በትንሽ ቦታ ጥሩ ሥራ ይሠራል። እኔን የሚያሳስበኝ ማሽኑ የተሠራበት አገርና እናንተ የምትተክሉበት ቦታ መለያየታቸው ነው። ብዙዎቹ የተነደፉት አንድ ሰው በቀን 150 ወይም 200 ሊትር ውሃ ለሚጠቀምባቸው አገሮች ሲሆን፣ በዚያ ያለው ፍሳሽ በውሃ ብዛት የቀጠነ ነው። በእናንተ ከተማ አንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ቢጠቀም ከዚህ ውስጥ 40 ሊትሩ ወደ ፍሳሽ ይገባል፤ በቀን 40 ግራም የሚሆነው የአንድ ሰው ብስባሽ በዚሁ 40 ሊትር ሲካፈል በሊትር 1,000 ሚሊ ግራም ይሆናል ማለት ነው፤ ይህም ማሽኑ ከለመደው ፍሳሽ ሁለት ሦስት እጥፍ የወፈረ ነው። የ200 አባወራ ፍሳሽ በመጠኑ ሲለካ በቀን 40 ሜትር ኩብ ብቻ ስለሆነ አስመጪው ትንሹን ማሽን ሊያቀርብላችሁ ይችላል፤ በጭነቱ ከተለካ ግን ትልቁ ያስፈልጋል። ስለዚህ ዋጋው የተሰላው በሜትር ኩብ ነው ወይስ በብስባሽ ጭነት ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁት።

ከዚህ በተጨማሪ የከፍታ ጉዳይ አለ። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 እና 2,500 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ገደማ ነው። በሌላ አነጋገር ሞተሩ የሚነፋው አየር በመጠን ያው ቢሆንም የሚይዘው ኦክስጅን በሩብ ያንሳል። ይህን ያላሰላ ሻጭ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ባክቴሪያዎቹ ሲዳከሙ እንደገና ይቀጣችኋል። የመብራት መቆራረጡን፣ የመለዋወጫውን ዋጋና ባለሙያ ከአዲስ አበባ የማስመጣቱን ወጪ ስትጨምሩበት፣ በመጀመሪያው ዓመት የተመረቀው ማሽን በሦስተኛው ዓመት ፍሳሹን እንደመጣ የሚያሳልፍ የብረት ሣጥን ሆኖ ሊገኝ ይችላል። እንዲህ ሆኖ የቆመ ማጣሪያ በአንድ የኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ በዓይኔ አይቻለሁ፤ በላዩ ላይ ልብስ ተሰጥቶበት ነበር።

አባቶቹ የሚሉት ኩሬም በራሱ አይበቃም። በተከታታይ የተሠሩ ጥልቀት ያላቸውና የሌላቸው ኩሬዎች በፀሐይ ብርሃንና በጊዜ ብዛት ተሐዋስያንን በእጅጉ ይቀንሳሉ፤ የወስፋትን እንቁላልና የተውሳኮችን ቅርፊትም ወደ ታች ያዘቅጣሉ። ፎስፈረስን ግን አጥጋቢ በሆነ መጠን አያስቀሩም፤ ኩሬው ራሱ አልጌ የሚያበቅል ስለሆነ ከጫፉ የሚወጣው ውሃ አረንጓዴ ነው። የተጠራቀመ ግን ያልተቀየሰ አንድ ጉድጓድ ብቻ ከሆነ ደግሞ የወባ ትንኝ ባይደርስበት እንኳ ሽታውና ዝንቡ ከተማችሁን ያስመርራል።

እኔ በእናንተ ቦታ ብሆን የሁለቱን መካከለኛ እመርጥ ነበር። ፍሳሹ መጀመሪያ በግድግዳ ወደ በርካታ ክፍሎች በተከፋፈለ የተሸፈነ የኮንክሪት ታንክ ውስጥ ያልፋል፤ በየክፍሉ ከታች ወደ ላይ እየተገፋ በዝቃጩ ውስጥ ሲያልፍ ከብስባሹ አብዛኛው ያለ ሞተርና ያለ መብራት ይበላለታል። ከዚያ ወደ ጠጠር መደብ ይገባል፤ በመደቡ ላይ ፊላ፣ ሸምበቆ ወይም ደንገል ይተከላል፣ ውሃው ግን ከጠጠሩ በታች ስለሚሄድ አይታይም፣ አይሸትም፣ ትንኝም አይራባበትም። ለደጋ አየር ለአንድ ሰው ከ2 እስከ 3 ካሬ ሜትር መያዝ ይገባል፤ ስለዚህ ለ1,000 ሰው ከ2,000 እስከ 3,000 ካሬ ሜትር መሬት ያስፈልጋችኋል። በመጨረሻም ውሃው ጥቂት ቀናት ፀሐይ የሚመታው ጥልቀት በሌለው ኩሬ ውስጥ ይቆያል።

ፎስፈረሱስ? ጠጠሩ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተወሰነውን ይይዛል፤ በቢሾፍቱ አካባቢ የሚገኘውን ቀይ ስኮሪያ (ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ብትጠቀሙ በውስጡ ያለው ብረት ከተራው ጠጠር የተሻለ ይይዛል። ነገር ግን ማንኛውም ድንጋይ አንድ ቀን ይጠግባል። በትልልቅ ጣቢያዎች የሚሠራበት ዘዴ የብረት ወይም የአልሙኒየም ጨው ጨምሮ ፎስፈረሱን ማዝቀጥ ሲሆን፣ ይህ ኬሚካል መግዛትንና በየቀኑ መለካትን ስለሚጠይቅ ለከተማችሁ ከባድ ነው። ቀላሉ መንገድ የተጣራውን ውሃ ጭራሹን ወደ ጅረቱ አለመልቀቅ ነው። ከመስከረም እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ውሃው ወደ ባሕር ዛፍ ደን ወይም ወደ ደሾ ሣር መስክ ቢመራ ለግድቡ ማዳበሪያ ሊሆን የነበረው ፎስፈረስ ለእንጨትና ለከብት መኖ ይውላል። ለክረምቱ ደግሞ ማጠራቀሚያ ኩሬ ይሠራል። ሰላጣና ቆስጣ ግን በፍጹም አይጠጣበትም፤ በአቃቂ ወንዝ ዳር በቆሻሻ ውሃ የሚለማው አትክልት በመሀል ከተማ ገበያ ላይ የሚያስነሳውን ሥጋት እዚያም መድገም የለባችሁም።

ክረምትን ካነሳን ዘንድ አንድ ነገር ልጨምር። የፍሳሽ መስመሩ ሲዘረጋ ነዋሪው የጣሪያውን አሸንዳ ከመስመሩ ጋር እንዳያገናኝ ከወዲሁ ደንብ አውጡ። አንድ ኃይለኛ ዝናብ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሳምንት ያህል ውሃ ወደ ታንኩ ከላከ፣ ለወራት የተራባው ባክቴሪያ ከዝቃጩ ጋር ተጠርጎ በቀጥታ ወደ ግድቡ ይወርዳል።

ደግሞም ከ200ው አባወራ ስንቱ በውሃ የሚለቀቅ ሽንት ቤት አለው? አብዛኛው ደረቅ ጉድጓድ የሚጠቀም ከሆነ የቧንቧ መስመርም ሆነ ማጣሪያ አሁን አያስፈልጋችሁም፤ የሚያስፈልጋችሁ ጉድጓዶቹ በጎርፍ የማይጠቁና ከጅረቱ የራቁ እንዲሆኑ ማድረግ፣ ሲሞሉ የሚያነሳ መኪናና የዝቃጭ ማድረቂያ መደብ ማዘጋጀት ነው። በዚህ ብቻ ከገንዘባችሁ ትልቁን ክፍል ልታተርፉ ትችላላችሁ። የተረፈውን ለጥገና በባንክ አስቀምጡት፤ ዕድሮቻችን ሰው እስኪሞት ሳይጠብቁ በየወሩ እንደሚያዋጡ ሁሉ የፍሳሽ ማጣሪያም ሳይበላሽ በፊት መዋጮ ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ ቀበና በሚገኘው የወላጆቼ ግቢ ያለው ሴፕቲክ ታንክ ከተሠራ 18 ዓመት ሆኖታል፤ እስካሁን አንድም ጊዜ መምጠጫ መኪና አልጠራንም። አባቴ ይህን እንደ ትልቅ የሥራ ጥራት እየቆጠሩ ለእንግዳ ሁሉ ያወራሉ። ትክክል ናቸው? (አንባቢ፣ ከቀበና)

መልስ፦ አባትዎን ላለማስቀየም ብፈልግም ትክክል አይደሉም ለማለት እገደዳለሁ። ሴፕቲክ ታንክ ማጣሪያ አይደለም፤ ፍሳሹን ለአንድ ለሁለት ቀን አርግቶ ከባዱን ወደ ታች፣ ቅባቱን ወደ ላይ የሚለይ ሣጥን ነው። በደንብ የሚሠራ ታንክ ከብስባሹ ከሲሶ እስከ ግማሽ ያህሉን ያስቀራል፤ ቀሪውን የሚያጣራው ከታንኩ ቀጥሎ ያለው አፈር ነው። በታንኩ ውስጥ የሚጠራቀመው ዝቃጭም እንደ ቤተሰቡ ብዛት ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ መነሣት አለበት። ለ18 ዓመት ያልሞላ ታንክ ወይ ወለሉ ሳይለሰን ቀርቶ ወደ መሬት እየሰረገ ነው፣ ወይ ዝቃጩ ሞልቶ ከፍሳሹ ጋር እየወጣ ነው፣ ወይም ደግሞ በአንድ ወገን ወደ ጎርፍ ቦይ የተከፈተ ቱቦ አለው። ቀበና ላይ ከሆነ ሦስቱም ወንዙን ያገኙታል፤ ከዚያም ወደ አቃቂና ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳል።

የእርስዎ ግቢ ፍሳሽ ወደ ለገዳዲም ሆነ ወደ ገፈርሳ አይደርስም፤ ሁለቱም ግድቦች ከከተማው በላይ ናቸው። ሆኖም ከተማችን ከግድቦቹ በተጨማሪ ከአቃቂ አካባቢ ከከርሰ ምድር ብዙ ውሃ እየቀዳች የምትጠጣ በመሆኗ «ወደ ታች ወረደልን» ማለት ከእኛ ራቀ ማለት አይደለም። በግድቦቹ ዙሪያ ባሉት ከተሞችም የሚሠራው ታንክ ከአባትዎ ታንክ ብዙም አይለይም፤ እዚያ ያለው መረሬ አፈር ደግሞ ችግሩን ያብሰዋል። መረሬ በበጋ ሲሰነጣጠቅ ፍሳሹ በስንጥቁ ውስጥ ሳይጣራ ይወርዳል፤ በክረምት አብጦ ሲገጥም ደግሞ አንዲት ጠብታ ስለማያሳልፍ ፍሳሹ በሣሩ ላይ ተንጣሎ ከጎርፍ ጋር ወደ ጅረት ይገባል። አፈር ፍሳሽን በደንብ እንዲያጣራ ከማስረጊያው ቦይ፣ ማለትም ከታንኩ የወጣውን ፍሳሽ ወደ አፈር ከሚያሰርገው ቦይ ሥር ውሃ ያልሞላበት ቢያንስ ከ60 እስከ 120 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ አፈር መኖር አለበት። ይህ በማይገኝበት ቦታ መፍትሔው ማስረጊያውን ከመሬት በላይ በአሸዋ ጉብታ መሥራት ነው።

ለአሁኑ መኪና ጠርተው ታንኩን ያስመጥጡና ባዶውን በባትሪ ይመልከቱት። አባትዎ አብረው ቢያዩት ይመረጣል።

ጥያቄ፦ በለገዳዲና በገፈርሳ የውሃ ማጣሪያ ጣቢያዎች አሉ። ውሃው ተጣርቶና ክሎሪን ገብቶበት የሚመጣ ከሆነ ከግድቡ በላይ ስላለ ፍሳሽ መጨነቅ ለምን አስፈለገ? (ተማሪ፣ ከስድስት ኪሎ)

መልስ፦ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ የውሃ መሐንዲሶችም ለረጅም ጊዜ እንዲህ ያስቡ ነበር። ሐሳባቸውን ካስለወጧቸው ክስተቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካዋ ሚልዋኪ ከተማ የደረሰው ነው። የከተማዋ ውሃ እንደ ደንቡ ይጣራ ነበር፣ ክሎሪንም ይጨመርበት ነበር፤ ሆኖም ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለ ጥገኛ ተውሳክ በማጣሪያው አልፎ 400,000 ያህል ሰዎችን አሳመመ። የዚህ ተውሳክ ቅርፊት ከ4 እስከ 6 ማይክሮ ሜትር ብቻ ሲሆን በመጠጥ ውሃ ውስጥ የሚጨመረው የክሎሪን መጠን አይገድለውም። አዲስ አበቤ በስም የሚያውቀው ጃርዲያም የእርሱ ዘመድ ባይሆንም በጠባዩ ይመስለዋል፤ ክሎሪንን ከተራ ባክቴሪያ እጅግ በበለጠ ይቋቋማል።

አሸዋ ማጣሪያ እነዚህን የሚያስቀረው አልሙኒየም ሰልፌቱ በትክክለኛ መጠን ተጨምሮ ደቃቁ ነገር ሁሉ ተጣብቆ ሲረጋ ነው። ግድቡ በደለል ሲደፈርስ ወይም በአልጌ ሲሞላ መጠኑ በየሰዓቱ ይለዋወጣል፣ ማጣሪያው ቶሎ ይደፈናል፣ የኬሚካሉ ወጪም ይጨምራል። አልጌውና ብስባሹ በበኩላቸው ከክሎሪን ጋር ተዋሕደው ትራይሃሎሜቴን የሚባሉ ውሁዶችን ይፈጥራሉ፤ ለረጅም ዓመታት ሲጠጡ ጤናን ይጎዳሉ ተብሎ ስለሚታሰብ በብዙ አገሮች መጠናቸው በሕግ ተወስኗል። ስለዚህ ጣቢያው አንድ አጥር ነው፤ ከግድቡ በላይ ያለው የፍሳሽ አያያዝ ደግሞ ከእርሱ በፊት ያለው አጥር ነው፤ አንዱ በተከፈተ ቀን ሌላው መዘጋት አለበት።

ለፍትሕ ያህል ግን ጥፋቱ ሁሉ የሽንት ቤት እንዳልሆነ መናገር ይገባል። ለገዳዲን በየክረምቱ የሚያደፈርሰው በዋናነት ከእርሻ ማሳ የሚታጠበው አፈር ነው፤ ክሪፕቶስፖሪዲየምም ከሰው ብቻ ሳይሆን ከጥጃ እበትም ይመጣል።

ቤትዎ ያለውን ውሃ አፍልተው የሚጠጡ ከሆነ ይህ ተውሳኩን ይገድለዋል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ከ2,000 ሜትር በላይ ለሚኖር ሰው የሚመከረው ውሃው ከፈላ በኋላ ሙሉ 3 ደቂቃ እሳት ላይ ማቆየት ነው። በፈረቃ የሚመጣውን ውሃ በሮቶ የሚያጠራቅሙ ከሆነ ሮቶውንም አልፎ አልፎ ያሳጥቡ፤ በጣቢያው የገባው ክሎሪን ለቀናት በቆመ ውሃ ውስጥ እየሳሳ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ በውሃ ሂሳቤ ላይ ለሌላ ከተማ ሽንት ቤት የሚሆን ክፍያ ይጨመር የሚል ሐሳብ በአንድ ስብሰባ ላይ ሰማሁ። እኔ የምከፍለው ለምጠጣው ውሃ ነው፤ እነርሱ የራሳቸውን ቆሻሻ ለምን እኔ ላጥራ? (አንባቢ፣ አምባሳደር አካባቢ)

መልስ፦ ቁጣዎን እረዳለሁ፤ ነገር ግን ጉዳዩን ከነዋሪዎቹ በኩልም ይዩት። ከግድቡ በላይ ያለች ከተማ ፍሳሿን እንደ ማንኛውም የገጠር ከተማ አጣርታ ወደ ጅረቷ ብትለቅ ለራሷ ይበቃታል። ከዚያ የበለጠ እንድታጣራ የሚፈለገው እርስዎ ከታች ስለሚጠጡ ብቻ ነው። ተጨማሪውን ሥራ የሚፈልገው ጠጪው ከሆነ ተጨማሪውን ወጪ ጠጪው መሸፈኑ ለእኔ ፍትሐዊ ይመስለኛል፤ ነዋሪዎቹ ደግሞ የከተማው ውሃ ከመሬታቸው እየሄደ እነርሱ በጀሪካን የሚቀዱ ከሆነ ይህ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል።

በዚህ ጉዳይ ብዙ የሚጠቀሰው የኒው ዮርክ ከተማ ነው። ከተማዋ የምትጠጣው ውሃ በአብዛኛው የሚመጣው እስከ 200 ኪሎ ሜትር ድረስ ርቀው ካሉ የካትስኪል ተራሮችና የደላዌር ወንዝ ተፋሰስ ሲሆን፣ በእነዚያ ሸለቆዎች ውስጥ ግድቦቹ ሲሠሩ መንደሮች ተነሥተው ነበር፤ ቅሬታውም እስከ ልጅ ልጅ ዘልቋል። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የፌዴራል ደንብ ከወንዝና ከሐይቅ የሚቀዳ የመጠጥ ውሃ እንዲጣራ ሲያዝ ከተማዋ ሁለት ምርጫ ቀረበላት፤ ወይ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር አውጥታ ግዙፍ የውሃ ማጣሪያ መገንባት፣ ወይም ተፋሰሱን ጠብቃ ከግዴታው ነፃ መሆን። ሁለተኛውን መረጠች። እ.ኤ.አ. በ1997 ከተራራው ከተሞች ጋር በተፈረመው ስምምነት መሠረት በተፋሰሱ ውስጥ ያሉት ከ100 በላይ የሆኑ አነስተኛ የፍሳሽ ማጣሪያዎች፣ የትምህርት ቤትና የሆቴል የሆኑት ሳይቀሩ፣ በከተማዋ ወጪ ተሻሻሉ። የመጨረሻው ደረጃቸው ተውሳክ የማያሳልፍ እጅግ ደቃቅ ማጣሪያና ፎስፈረስን ማዝቀጥ ነው። ማጣሪያ ላልነበራቸው መንደሮች አዲስ ተሠራላቸው፤ ጥቂት ቤት ብቻ ላላቸው የጋራ ሴፕቲክ ታንክና የጋራ ማስረጊያ መሬት ተዘጋጀላቸው። ለብቻቸው የተበታተኑ ቤቶችም ያረጁ ታንኮቻቸው በሺዎች ተጠገኑ ወይም ተተኩ።

ነገሩ ሁሉ በዕልልታ አልተፈጸመም። ፊኒሺያ የተባለች መንደር ነዋሪዎች ግንባታው በከተማዋ ገንዘብ ሊሠራላቸው ቀርቦ ሳለ ወደፊት በየቤቱ ከሚመጣው የአገልግሎት ክፍያ በመሥጋት ድምፅ ሰጥተው አልተቀበሉትም። እኔ ከሌላው ታሪክ ሁሉ ይልቅ ትምህርት የማገኘው ከዚህ ነው፤ ግንባታውን በስጦታ የሰጠ አካል የማስኬጃውን ጥያቄ ካልመለሰ ስጦታው ተቀባይ ላያገኝ ይችላል፣ ተቀባይ ቢያገኝም ሳይሠራ ይቆማል። ከተማዋም ተፋሰሱን መጠበቅ ብቻውን እንደማይበቃ ስለተረዳች በኋላ የአልትራቫዮሌት ብርሃን ማከሚያ ጣቢያ ጨምራለች፤ ይህ ብርሃን ክሎሪን የማይበግረውን ክሪፕቶስፖሪዲየም መራባት እንዳይችል ያደርገዋል።

የእኛው ጉዳይ ከዚህ የሚለይበት ብዙ ነገር አለ፤ ኒው ዮርክ ሀብታም ከተማ ናት፣ የእኛ ግድቦች ተፋሰስ ደግሞ በኦሮሚያ ክልል ውስጥ ስለሆነ ማንኛውም ስምምነት በሁለት አስተዳደሮች መካከል የሚደረግ ይሆናል። የሚጨመረው ክፍያ ግን በግልጽ በሂሳቡ ላይ ተለይቶ ከታየ፣ ገንዘቡም የትኛው ከተማ የትኛው ማጣሪያ ላይ እንደዋለ በየዓመቱ ከተነገረዎት ለመክፈል የሚከብድ አይመስለኝም። ካልተነገረዎት ቁጣዎ ትክክል ነው፤ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ከሚደክም የከተሞቹን ፍሳሽ በቱቦ ከግድቡ በታች መልቀቅ አይሻልም? (አንባቢ፣ ከለገሃር)

መልስ፦ ከግድቡ ጠርዝ አጠገብ ላለችና ቁልቁለት ላገኘች ከተማ አንዳንዴ ይሻላል። በሲያትል ከተማ አጠገብ የሚገኘው ሌክ ዋሽንግተን የተባለው ሐይቅ በፍሳሽ ምክንያት በአልጌ ተሸፍኖ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1968 ባለው ጊዜ ፍሳሹ በቱቦ ወደ ሌላ ቦታ እንዲሄድ ስለተደረገ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጠርቷል። ለተራራቁ ትናንሽ ከተሞች ግን የቱቦው ርዝመትና የፓምፑ ወጪ ከማጣሪያው ይበልጣል፤ ፓምፑ በቆመ ቀንም ያልተጣራው ፍሳሽ ሁሉ የሚገባው ወደዚያው ግድብ ነው። በተጨማሪም ከግድቡ በታች የሚኖሩ ሰዎች አሉ።

ጥያቄ፦ እኔ የአራት ኪሎው ጠያቂ የማኅበሩ ጸሐፊ ስሆን፣ ከደብዳቤው ጋር የራሴን አንድ ጥያቄ አያይዣለሁ። ከጉድጓዶቹ የሚነሣው ዝቃጭ ደርቆ ለገበሬ ማዳበሪያ ቢሰጥ ይቻላል? (አንባቢ፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ይቻላል፤ ነገር ግን መድረቁ ብቻውን አያጸዳውም። ዝቃጩ በአሸዋና በጠጠር በተሠራ መደብ ላይ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ንብር ሲዘረጋ በበጋ በጥቂት ሳምንታት በአካፋ የሚነሣ ይሆናል። ከመደቡ ሥር የሚጠባው ውሃ ወደ ጅረቱ ሳይሆን ወደ ጠጠሩ ማጣሪያ መመለስ አለበት። የወስፋት እንቁላል ግን በደረቅ ዝቃጭ ውስጥ ለብዙ ወራት በሕይወት ይቆያል። ስለዚህ ወይ ከገለባና ከቅጠል ጋር ተደባልቆ ሙቀቱ ከ55 ዲግሪ በላይ ለቀናት እንዲቆይ እየተገለበጠ ኮምፖስት ይደረግ፣ ወይም በደጋ ብርድ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት በጣሪያ ሥር ይከመር። በየክምሩ ላይ የተከመረበትን ወርና ዓመት በሰሌዳ ጽፋችሁ አቁሙ፤ ዘበኛ ይለወጣል፣ የመጀመሪያው ክምርና የትናንቱ ክምር ደግሞ በዓይን አይለዩም።